ሩጫም ሥራ ነው
ከዘንገና ሐይቅ ዳር ተነሥቶ ለሚሄድ ወጣት ሯጭ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ አዲስ አበባ ካለ ክለብ ጥሪ እንደመጣልህ ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለህ! ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ሳይነሣ፣ በዚያ ብርድ፣ የጫካውን ጭቃ ስትረግጥ የከረምክበት ዋጋ ነው። መንደሩ ከአሁኑ በወሬ መኪና ገዝቶልሃል፤ ሊድርህ የተነሣም አልጠፋም።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስፖርት ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእንጅባራም ከቲሊሊም ተነሥተው የሄዱ ልጆችን ሸኝቻለሁ፤ ሲመለሱም ተቀብያለሁ። ተሸንፎ የተመለሰ አላሳዘነኝም፤ ሮጦ መሸነፍ ያለ ነው። ያሳዘኑኝ ሩጫን እንደ ሎተሪ ቆጥረው የገቡበት ናቸው። ዕጣው የወጣላቸውም ያልወጣላቸውም መጨረሻቸው አላማረም። ስለዚህ የምነግርህ አንድ ነገር ነው፤ ሩጫ ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ውል አለው፣ ደመወዝ አለው፣ አደጋ አለው፣ ግብር አለው፣ ጡረታም አለው። ዝርዝሩን በተራ በተራ ላስቀምጥልህ።

1. ዋጋህን መጠየቅ ነውር አይደለም

«እስኪ አሁን ሩጫ ሥራ ነው?» የሚል ዘመድ አይጠፋህም። ፈረንጆቹም በዚህ ተጣልተውበታል። ራግቢ የሚሉትን፣ ሞላላ ኳስ አቅፈው እየተላተሙ የሚጫወቱትን ጨዋታ በቴሌቪዥን አይተህ ይሆናል። በሰሜን እንግሊዝ ይህን ይጫወቱ ከነበሩት ብዙዎቹ የከሰል ቆፋሪዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ለጨዋታ ሲወጡ የዕለት ደመወዛቸው ይቀርባቸዋል። ክለቦቻቸው «የቀረባቸው ይካስ» ሲሉ፣ የሀገሩ ራግቢ ማኅበር መሪዎች ጨዋታ ለክብር እንጂ ለገንዘብ አይደለም ብለው እንቢ አሉ። ለምሳው የማይቸገር ሰው እንዲህ ማለት ይቀለዋል። በ1887 ዓ.ም. ነሐሴ፣ አድዋ ሊሆን ስድስት ወር ሲቀረው፣ የሰሜን ክለቦች ሀደርስፊልድ በምትባል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ተገነጠሉ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለውና በ13 ሰው የሚጫወቱት ጨዋታ የመጣው ከዚያ ጠብ ነው።

አንተም ውድድር ስትጠራ «ስንት ይከፈላል? መቼ? በምን?» ብለህ ጠይቅ። ነውሩ ተከፍሎህ ሥራውን አለመሥራት ነው።

2. ያልጠረጠረ ተመነጠረ

ሁለት ዓይነት ውል ይመጣልሃል። አንዱ ከክለብ ጋር ነው፤ በወር በወር ደመወዝ ይከፍልሃል። ሌላው ወደ ውጭ ውድድር ከሚልክህ ማናጀር ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ ከምታገኘው ላይ በመቶኛ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ 15 በመቶ ነው። 15 ከምን ላይ እንደሆነ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አይነግርህም።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ውድድር 10,000 ዶላር አሸነፍክ እንበል። ውድድሩ የተካሄደበት ሀገር ግብር ይቆርጣል፤ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢሆን 8,000 ይቀራል። ማናጀሩ 15 በመቶውን ከ10,000 ላይ ካሰበው 1,500 ይወስዳል፤ ከ8,000 ላይ ካሰበው 1,200። በአንድ ውድድር የ300 ዶላር ልዩነት ማለት ነው፤ በአሥር ውድድር 3,000 ይሆናል። የአውሮፕላን ቲኬት፣ ቪዛና ማረፊያም ከአንተ ድርሻ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ በሬዲዮ «10,000 ዶላር አሸነፈ» የተባለልህ ልጅ እጅህ ላይ የሚገባው ሌላ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት እነዚህን ፈልግ፤ ውሉ ስንት ዓመት ነው? መቶኛው ከምን ላይ ይታሰባል? ወጪው የማን ነው? የጫማ ኩባንያ ውል ሲመጣ ማን ይፈርማል? ብትጎዳ ምን ይሆናል? ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚተረጉምልህ የማናጀሩ ጓደኛ አይሁን። ኮፒው እጅህ ላይ ይቅር። ፓስፖርትህን «እኔ ላስቀምጥልህ» ለሚል ሰው አትስጥ። የሽልማት ገንዘብ ደግሞ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ወራት ሊቆይ ይችላልና፣ አሸነፍኩ ብለህ በዚያ ሂሳብ አትበደር።

3. በአንድ ቀን ውጤት ራስህን አትመዝን

የቲሊሊውን ልጅ የኔው አላምረውን ታውቀዋለህ፤ የአገርህ ልጅ ነው። በ2003 ዓ.ም. ዶሃ ላይ 3,000 ሜትርን በ7 ደቂቃ ከ27.26 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከኋላው ከቀሩት አንዱ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ፓሪስ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ48.77 ሮጠ። እንዲህ ያለ ሰዓት ሮጦ ስንተኛ የወጣ ይመስልሃል? አራተኛ! ደጀን ገብረመስቀል በ12:46.81 አሸነፈ፤ ሐጎስ ገብረሕይወት ሁለተኛ ሆነ፤ ቀነኒሳ በቀለ ራሱ ዘጠነኛ ወጣ።

ከወር በኋላ የለንደን ኦሎምፒክ ፍጻሜ መጣ። ሩጫው ተንቀርፍፎ ሄዶ መጨረሻው ላይ በፍጥነት ተለየ። ሞ ፋራህ ያሸነፈበት 13:41.66 ነው፤ የኔው ፓሪስ ላይ ከሮጠው ወደ 53 ሰከንድ ይዘገያል። የኔው ግን 12ኛ ወጣ። ያን ቀን ያየው ሰው «አለቀለት» ብሎ ይሆናል። በዓመቱ ሮም ላይ 12:54.95 ሮጦ አሸነፈ፤ የ2005 ዓ.ም. የዳይመንድ ሊግ የ5,000 ሜትር ባለድልም ሆነ።

ከዚህ ሁለት ነገር ያዝ። አንደኛ፣ ሰዓትና ደረጃ የተለያየ ሥራ ናቸው፤ ከመነሻው ፈጣን የሆነውን ሩጫም የመጨረሻውን ዙር ፍልሚያም ተለማመድ። ሁለተኛ፣ 12ኛ በወጣህ ማግስት ልምምድ ላይ ተገኝ። ሥራ ያለው ሰው ማግስቱን ሥራ ይገባል።

4. አሯሯጭነትን አትናቅ

በራግቢ ሊግ ከ13ቱ ተጫዋቾች ስድስቱ የፊት መሥመር ሠራተኞች ናቸው። ኳሷን ታቅፈው ከተደረደረው ሰው ጋር ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፣ ተነሥተው ደግሞ ይገባሉ፤ መከላከል ሲሆን ያንኑ ሁሉ ሰው የሚጥሉት እነሱ ናቸው። ነጥቡን ብዙ ጊዜ የሚያስቆጥረው በዳር በኩል የሚበርረው ነው። ጭብጨባው ለሱ ነው፤ የነሱ ስም ግን የደመወዝ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ጓደኞቻቸውም ያለ እነሱ ጨዋታ እንደሌለ ያውቃሉ።

በሩጫ ይህን ሥራ የሚሠራው አሯሯጩ ነው። ኪፕቾጌ በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ቪየና ላይ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት በታች ሲገባ 41 አሯሯጮች እየተፈራረቁ ነፋሱን ከልለውለታል። አሯሯጭ የታዘዘውን ኪሎ ሜትር በታዘዘው ሰዓት ካደረሰ ሒሳቡን ያገኛል። ለወጣት ደግሞ ትምህርት ቤት ነው፤ ከትልልቆቹ ፊት መሮጥ፣ ሰዓትን በእግር መቁጠር፣ የውጭ ውድድር እንዴት እንደሚመራ ማየት። ጥሪው ከመጣ «እኔ ለሌላ ሰው አልሮጥም» አትበል። ብቻ በውልህ ላይ እስከ ስንተኛው ኪሎ ሜትር፣ በምን ሰዓት፣ በስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር።

5. ሕመምህን በመጀመሪያው ቀን ተናገር

ራግቢ ሊግ ይጫወቱ የነበሩ ሰዎች ዛሬ፣ በጨዋታ ዘመናችን በደረሰብን የጭንቅላት ምት አእምሯችን ተጎዳ ብለው የእንግሊዝን ማኅበር ፍርድ ቤት አቁመውታል። ያኔ ተመትቶ እየተንገዳገደ የተመለሰ ሰው ጀግና ይባል ነበር። የአንተ ጉዳት እንደዚያ አያስደነግጥም፤ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ መቆርቆር፣ ቅልጥም ላይ ሌሊት ሌሊት የሚያም ነገር ነው። ለዚህ ነው የሚደበቀው። ክለቡ ይቀንሰኛል ብሎ የደበቀ ልጅ የሁለት ሳምንት ዕረፍት የሚበቃውን ጉዳት የዓመት ያደርገዋል። ማደንዘዣ ተወግቶ መወዳደርማ የራስን ደመወዝ መብላት ነው።

አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ በ1957 ዓ.ም. ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያገኘው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ነው። ይህን እየጠቀሰ «አንተም ታግሠህ ሩጥ» የሚልህ አይጠፋም። አበበ ግን ሐኪም ቤት ገብቶ በሐኪም እጅ ታክሞ ነው የሮጠው። አንተም በዚያው መንገድ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥር 23 ለፈረሰኞቹ በዓል ወደ እንጅባራ እንደምትመጣ አውቃለሁ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ የአባቶችህ ማኅበር ነው፤ ኮርተህ ተገኝ። ጉግሱንና ሽርጡን ግን ለወንድምህ ተውለት። ከፈረስ ወድቀህ የተሰበርክ እንደሆነ የክለብህ ውል ይህን አይከፍልም።

6. ለምትውጠው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ

በሰውነትህ ውስጥ የተከለከለ ነገር ሲገኝ «ሐኪሙ ነው የሰጠኝ»፣ «የባህል መድኃኒት ነው»፣ «ጓደኛዬ ቫይታሚን ነው ብሎኝ ነው» ማለት አያድንህም። ሆን ብሎ የወሰደ አራት ዓመት ይታገዳል፤ በሀገራችን ሕግ ፊት ቀርቦ የታሰረም አለ። ክኒን ሲታዘዝልህ አትሌት መሆንህን ተናገር፣ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት አስጽፍ፣ ለክለቡ ሐኪም ሳታሳይ አትዋጥ።

ስምህ ከፍ ሲል ደግሞ መርማሪዎች ያለ ቀጠሮ ይመጣሉ። በየቀኑ የት እንደምትገኝና አንዱን ሰዓት የት እንደምትሆን ቀድመህ ታስመዘግባለህ። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ካጡህ ወይም ምዝገባህ ከተሳሳተ፣ ምንም ባትወስድም ትታገዳለህ። ለክርስትና ወይም ለተዝካር ወደዚህ ስትመጣ አውቶቡስ ላይ ከመውጣትህ በፊት ምዝገባውን ቀይር። ኔትወርክ እዚህ ሲጠፋ እንዴት እንደሚጠፋ ታውቃለህ።

7. ዕድሜህን አታሳንስ

ለወጣቶች ውድድር ሁለት ሦስት ዓመት ቀንስ የሚልህ ይኖራል። እሺ ካልክ ያ ቁጥር ፓስፖርትህ ላይ ገብቶ እስከ መጨረሻው ይከተልሃል፤ ሲታወቅ ሜዳሊያው ይመለሳል፣ ስምህም አብሮ ይሄዳል። የእናትህን ቃል ይዘህ እውነተኛውን ቀን አስጽፍ።

8. ገንዘብህን እንደ አንድ ማሳ አትየው

በእኛ አካባቢ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ስንቱን ገበሬ በእግሩ እንዳቆመ አይተሃል። ተተክሎ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆረጣል፣ ከሰል ይሆናል፣ በኩንታል ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል። ችግኙ ገና ትንሽ ሳለ በመሐሉ ጤፍ የዘራ ገበሬ ሁለት ጊዜ አመረተ። መሬቱን ጥቅጥቅ አድርጎ በዛፍ ብቻ የሸፈነው ግን ዛፉ ላይ በሽታ የገባ ጊዜ የሚይዘው የሚጨብጠው አጣ። የሯጭ ጥሩ ዓመታትም ጥቂት ናቸው። በመሐሉ የምትዘራውን አሁን አስብ።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ገና በሩጫ ላይ ሳለ ጠዋት ልምምዱን ሠርቶ ከዚያ ቢሮው ይገባ ነበር፤ ሕንጻውም፣ የሐዋሳው ሪዞርትም የተጀመሩት ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንተ ሕንጻ አይጠበቅብህም። እነዚህን ጀምር፤ ለእናት ለአባትህ በየወሩ በአንድ ቀን የምትልከውን ቁርጥ ገንዘብ ወስን፤ ለሰርግና ለልቅሶ የሚመጣውን ጥያቄ በሙሉ አንድ ታላቅ አጎትህ እንዲያይልህ አድርግ፤ በወጣትነትህ ዘመድ ፊት «የለኝም» ማለት ያቅትሃልና። ለማንም ዋስ ሆነህ አትፈርም። ከመኪና በፊት ቤት፣ ቤቱም ካርታው በስምህ ይሁን። ማንም ሰው በውክልና የባንክ ሒሳብህን አያንቀሳቅስ።

9. ትዳርህን እንደ ሰው ምረጥ፤ ሐዘንህንም ከሰው ጋር ተወጣ

ይህን ለእህትህም አንብብላት፤ እሷም መሮጥ ጀምራለችና። ጥሩነሽ ዲባባና ስለሺ ስኅን ሁለቱም ሯጮች ሆነው ቤት ሠርተዋል፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለሥራው ጊዜ ይሰጣል። በሌላ በኩል የኡጋንዳዋ ማራቶን ሯጭ ሬቤካ ቼፕቴጌይ ከፓሪስ ኦሎምፒክ በተመለሰች በወሩ ውስጥ፣ በመሬት ምክንያት የተጣላት የቀድሞ የፍቅር ጓደኛዋ ቤንዚን አርከፍክፎ አቃጥሏት በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ሞተች። በላቧ በገዛችው መሬት ነው የሞተችው። በእኛም የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የተገኘ ገቢ የጋራ ነው፤ ስለዚህ ከጋብቻ በፊት ያለውን በወረቀት ለይቶ ማስቀመጥ አለማፍቀር አይደለም። «ገንዘብሽን እኔ ልያዝልሽ፣ ስልክሽን ልየው፣ አሠልጣኝሽም እኔ ልሁን» ብሎ ሦስቱንም አንድ ላይ የሚል ወንድ ከመጣ፣ እህትህ ለእናንተ ለወንድሞቿ ትንገር።

ሐዘንም ይመጣል። ቀነኒሳ በ1997 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አብረው ልምምድ ላይ ሳሉ እጮኛው ዓለም ተጫለ ወድቃ ሞተችበት፤ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በመጋቢት ፈረንሳይ ላይ የዓለም አገር አቋራጭን ረጅሙንም አጭሩንም ማሸነፉን ሁሉም ያወራል። ከዚያ በፊት ቦስተን ላይ የሆነውን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ከሞቷ ወር ሳይሞላ በቤት ውስጥ ውድድር ዙር ቆጠራ ተሳስቶ፣ የመጨረሻው ዙር መስሎት ቀድሞ ፈተለከና ተሸነፈ። የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ዙር የሚሳሳተው ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ነው። ሐዘን ሲደርስብህ አልቅስ፣ ከሰው ጋር ተቀመጥ፣ ወደ ቤትህ ና። «ወንድ ልጅ ነኝ» ብለህ ብቻህን ካምፕ ውስጥ አትቀመጥ።

10. በሕመም ቀን «ተውኩት» አትበል፤ የምትተውበትን ቀን ግን ቀድመህ አዘጋጅ

ኃይሌ በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣ፤ እዚያው ጋዜጠኞች ፊት ሩጫ አቆምኩ አለ። ብዙም ሳይቆይ ሐሳቡን ቀየረ፤ በእርግጥ ከውድድር የተሰናበተው በ2007 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከወደቅህበት ሜዳ ላይ ሆነህ ስለ ነገህ ውሳኔ አትስጥ። ተመለስ፣ እረፍ፣ ከሰው ተማከር።

ሥራው ግን ማለቁ አይቀርም፤ አንዳንዴም በድንገት ያልቃል። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ኦሎምፒክን በእግሩ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው፣ እንግሊዝ ሀገር ታክሞ እዚያው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳደረ፤ በኖርዌይ በረዶ ላይም በውሻ የሚጎተት ጋሪ ነድቶ አሸነፈ። በ1966 ዓ.ም. ሲያርፍ ገና 41 ዓመቱ ነበር። ደራርቱ ቱሉ ደግሞ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ አግኝታ፣ ወልዳ፣ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ሲድኒ ላይ ደገመች፤ ሩጫው ሲያልቅ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነች። ሁለቱም ሩጫው ቢቀርም የሚሠሩት አላጡም።

አንተስ? 12ኛ ክፍልን ጨርስ፤ ክለብህ ከተማ ስለሆነ የማታ ትምህርት አለ። እንግሊዝኛህን አሻሽል፤ ቢያንስ ውልህን ራስህ እስክታነብ። የአሠልጣኝነት ኮርስ ሲመጣ ስምህን አስመዝግብ። ከዓመታት በኋላ ወደዚህ ስትመለስ ይህን ሐይቅ ከበው የሚሮጡ ልጆች ይኖራሉ፤ ሰዓት ይዞ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እግርህን እንቅፋት አይንካው፤ የላብህን ዋጋ ለራስህና ለወገንህ ያድርግልህ፤ ወጥተህ ግባ። ግን ገና አልፈረምክም መሰለኝ። ከመሄድህ በፊት ያንን ውል ይዘህ ወደ ቤቴ ና፤ ከአጎትህ ጋር ቁጭ ብለን፣ መጀመሪያ 15ቱ በመቶ ከምን ላይ እንደሆነ እናያለን።